ጸጥ ያለው መንገድ የቱ ነው? በፈረንሳይ የወይን አገር በብስክሌት ለመዞር ለምታስቡ

ወዳጆቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ። "ፈረንሳይ ውስጥ በወይን እርሻ መሃል ብስክሌት መንዳት እፈልጋለሁ፤ የት ልሂድ?" ይሉኛል። ጥያቄውን ሲያነሱት ግን ልባቸው ቀድሞ ወይኑን መርጧል። አንዱ ቦርዶ ይላል፣ ሌላዋ ሻምፓኝ ትላለች። እኔ ወይኑን ወደ ጎን አድርጌ ሌላ ሌላውን እጠይቃለሁ። መኪና ከኋላ ሲመጣ ትደነግጣለህ? ዳገት ላይ ወርዶ መግፋት ያናድድሻል? ስንት ቀን አላችሁ? ልጅ አብሯችሁ አለ?

የወይኑ ዝናና የመንገዱ ጸጥታ ብዙ ጊዜ አብረው አይሄዱም። ስሙ የገነነ ወይን ባለበት የአስጎብኚ አውቶቡስ አለ፣ የኪራይ መኪና አለ፣ ጠርሙስ የጫነ ከባድ መኪና አለ። ሁለት ኮረብታ አለፍ ብሎ ደግሞ ያው ወይን፣ ያው የድንጋይ መንደር፣ ያው የቤተ ክርስቲያን ደወል፤ መንገዱ ላይ ግን ከእናንተና ከአንድ ትራክተር በስተቀር ማንም የለም። እኔ የምወደው ያንን ነው። የራሴ ጎማ አስፋልቱን ሲነካ የሚያሰማው ድምፅ የሚሰማኝ መንገድ።

ለቸኮለ ሰው መልሴን አስቀድሜ ልስጥ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ደቡብ ቦርጎኝ ሂዱ። ትንንሽ ልጆች ካሉ ከቦርዶ ከተማ የሚነሳው የድሮ የባቡር መስመር ይሻላል። መንደር ማየት የምትወዱ፣ ዳገትም የማያስፈራችሁ ከሆነ አልዛስ። ረጅም ጊዜ ካላችሁና ድካም ካልፈለጋችሁ ሉዋር። ከፓሪስ ለሁለት ቀን ብቻ ከሆነ ሻምፓኝ። ምክንያቱን ከዚህ በታች አንድ በአንድ እናያለን። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መንገዱ ድሮ ምን ነበር?

ካርታ ላይ "የብስክሌት መንገድ" ተብሎ የተሰመረ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንድ ጥያቄ ብቻ ብትጠይቁ ብዙው ነገር ይገለጥላችኋል፦ ይህ መንገድ ብስክሌት ሳይመጣበት በፊት ምን ነበር?

የድሮ የባቡር መስመር ከነበረ ደስ ይበላችሁ። ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት አይችልም፤ ስለዚህ መስመሩን የሠሩት መሐንዲሶች ኮረብታውን ቆርጠው፣ ሸለቆውን ሞልተው፣ ሌላው ሲያቅታቸው ዋሻ ቦርቡረው ነው ያለፉት። ሐዲዱ ተነስቶ አስፋልት ሲለብስ ዳገቱ ሳይታወቃችሁ የሚያልቅ መንገድ ይሆናል። ሞተር ያለው ነገር አይገባበትም። ፈረንሳዮች ይህን ዓይነቱን መንገድ "ቯ ቨርት" ይሉታል፣ አረንጓዴ መንገድ ማለት ነው።

የቦይ ዳር ከነበረ ደግሞ ፈረስ ጀልባ ይጎትትበት የነበረ መንገድ ነው። ሜዳ ነው፣ ጥላ አለው፣ መኪና የለውም ማለት ይቻላል። ግን አንድ ነገር እወቁ። ጥሩ ወይን የሚበቅለው ውሃ በማይተኛበት ተዳፋት ላይ ነው። ቦይ ደግሞ የሚሄደው ከታች በዝቅተኛው ቦታ ነው። ስለዚህ ቦይ ላይ ስትነዱ ወይኑን የምታዩት ከሩቅ፣ ኮረብታው ላይ ነው።

ሦስተኛው የወይን ገበሬዎች የውስጥ መንገድ ነው። እኔ ከሁሉም አስበልጬ የምወደው ይህን ነው። ትራክተር ወደ ማሳው እንዲገባ የተሠራ፣ አንድ ትራክተር ብቻ የሚያሳልፍ ጠባብ የሲሚንቶ ወይም የአስፋልት መንገድ። ወይኑ ግራና ቀኝ በእጅ ይነካል። ዳገቱ ግን አጭርና ቀጥ ያለ ነው፤ ትራክተር እንደ ባቡር አይሞላቀቅም።

አራተኛው ተራ የመኪና መንገድ ሆኖ ምልክት ብቻ የተተከለበት ነው። "ቬሎሩት" የሚል ስም ስታዩ ተጠንቀቁ። ቬሎሩት ማለት የተመረጠ መስመር ማለት እንጂ መኪና የሌለበት ማለት አይደለም። ከፊሉ ቯ ቨርት፣ ከፊሉ የመንደር መንገድ፣ ከፊሉ ደግሞ ሾፌሮች የሚበርሩበት ሊሆን ይችላል።

ቦርጎኝ፦ የኔ የመጀመሪያ ምርጫ

ቦን ከተማ ላይ ባቡር ወርዳችሁ በስተደቡብ ስትወጡ ቯ ዴ ቪኝ የሚባለው መንገድ ይጀምራል። የወይኖቹ መንገድ ማለት ነው። ፖማርን፣ ቮልኔን፣ ሜርሶን፣ ፑሊኒ ሞንራሼን አልፎ ሳንትኔ ይደርሳል፤ ሃያ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አብዛኛው በወይን ገበሬዎች የውስጥ መንገድ የሚሄድ ነው። በዓለም ላይ እጅግ ውድ ከሚባሉት ነጭ ወይኖች አንዳንዶቹ የሚመጡት ከዚሁ ነው፤ በብስክሌት ስታልፉ ግን የምታዩት ከደረት በታች የተከረከመ ቁጥቋጦ፣ ዝቅ ያለ የድንጋይ ካብ፣ አልፎ አልፎም የማሳው ስም የተቀረጸበት በር ነው። እነዚህ በካብና በድንበር የተከፋፈሉ ማሳዎች "ክሊማ" ይባላሉ፤ በ2015 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል።

አንድ ጠዋት በፖማርና በቮልኔ መሃል የሆነውን ልንገራችሁ። ከፊቴ ረጃጅም እግር ያለው ትራክተር መጣ። እዚያ ያሉት ትራክተሮች እንደኛ አገር አይደሉም፤ የወይኑን መስመር በእግሮቻቸው መሃል አስገብተው ከላይ ተፈናጠው የሚሄዱ ናቸው፤ ሾፌሩ ፎቅ ላይ የተቀመጠ ይመስላል። መንገዱ ለሁለት አይበቃም። እኔ ወርጄ ወይኑ ጥግ ቆምኩ። ሰውየው ሞተሩን ዝቅ አደረገ፣ የሚረጨውን ዘጋ፣ እጁን አነሳልኝ፣ አለፈ። የድኝ ሽታ ለጥቂት ጊዜ አፍንጫዬ ላይ ቆየ፤ ቅጠሉ ላይ ያረፈው ሰማያዊ ጠብታ ደግሞ የመዳብ መድኃኒት ነበር። መንገዱ የነሱ የሥራ ቦታ ነው። ቅድሚያ ስጡ፣ ሰላም በሉ፣ ርጭት ላይ ያለ ትራክተር ካያችሁ ደግሞ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ አይታችሁ ራቅ በሉ።

ከሳንትኔ ቀጥሎ መንገዱ ካናል ዱ ሳንትር የሚባለውን ቦይ ይዞ በሻኒ በኩል ወደ ሻሎን ሱር ሶን ይወርዳል። ሜዳ ነው፤ እግር ያርፋል። ከሻሎን ወደ ዢቭሪ አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ብትነዱ ደግሞ የዚህ ጉዞ ዋናው ክፍል ይጀምራል። ከዢቭሪ እስከ ክሉኒ 44 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው በ1997 የተከፈተው መስመር በፈረንሳይ የመጀመሪያው ቯ ቨርት ነው። የድሮዎቹ የባቡር ጣቢያዎች አሁንም በመንገዱ ዳር ቆመዋል። ቡክሲ ጋ ነጩ የሞንታኒ ወይን አለ። ኮርማታን ጋ ትልቅ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ መንግሥት አለ። ከዚያ አለፍ ብሎ ኮረብታው ላይ ቴዜ አለ፤ በ1940 የተመሠረተ የክርስቲያኖች ገዳማዊ ማኅበር ነው፤ ከየአገሩ ወጣቶች ይሰበሰቡበታል፤ የማታ ጸሎቱ ለማንም ክፍት ነው። እኔ ብስክሌቴን ደጅ አቁሜ ገብቼ ነበር፣ ላብ በላብ ሆኜ፣ ማንም ቀና ብሎ አላየኝም።

ክሉኒ ራሷ ሙሉ ግማሽ ቀን ይገባታል። ገዳሟ በ910 ተመሠረተ። ቤተ ክርስቲያኗ ሮም ያለው የቅዱስ ጴጥሮስ እንደገና እስኪሠራ ድረስ በምዕራቡ ክርስትና ትልቁ ነበር። ከፈረንሳይ አብዮት በኋላ ድንጋዩን ለግንባታ እያፈረሱ ወሰዱት፤ ዛሬ የቀረው ትንሽ ክፍል ነው፤ ትንሹ ክፍል ራሱ አንገትን ቀና አድርጎ ማየት ይጠይቃል።

ከክሉኒ ወደ ማኮን ለመሻገር የቧ ክሌር ዋሻ አለ። ርዝመቱ 1.6 ኪሎ ሜትር ነው። በብርዱ ወራት ለሌሊት ወፎች ሲባል ይዘጋል፤ ያኔ በላይ በዳገቱ መሻገር ነው። ውጭ ሠላሳ ዲግሪ ሆኖ ውስጥ ስትገቡ ላባችሁ ጀርባችሁ ላይ ይቀዘቅዛል፤ ከመግባታችሁ በፊት ጃኬት አውጡ። መብራቱ ደብዘዝ ያለ ነው፤ ከጣራው የሚንጠባጠብ ውሃ ድምፅ ይሰማል፤ ሌላ ብስክሌተኛ ከመጣ ከሩቅ ነጥብ ብርሃን ሆኖ ይታይና እያደገ ይመጣል። ለልጆች ከጉዞው ሁሉ የማይረሳው ይህ ነው።

ጠቅላላው ከቦን እስከ ማኮን ከ120 እስከ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ጎበዝ በሁለት ቀን ይጨርሰዋል። እኔ አራት ቀን ስጡት እላለሁ።

ቦርጎኝ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ከቦን በስተሰሜን ወደ ኑዊ ሳን ዦርዥና ዲዦን የሚሄደው ቀጥ ያለ መንገድ ዲ 974 ይባላል። "ዲ" ማለት የክፍለ ሀገር መንገድ ስለሆነ ትንሽ መንገድ ይመስላል። እውነቱ ግን ይህ ድሮ ኤን 74 የሚባል ብሔራዊ አውራ ጎዳና ነበር፤ ስሙ እንጂ መኪናው አልቀነሰም። እኔ ስልኬ "አጭሩ ይህ ነው" ስላለኝ ገብቼበት፣ ከባድ መኪና በክንዴ ስር ሲያልፍ የነበረው ንፋስ እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል። በየክፍለ ሀገሩ በ9 የሚጀምር ባለ ሦስት አኃዝ የዲ ቁጥር ብዙ ጊዜ የድሮ አውራ ጎዳና ነው፤ ተጠራጠሩት። ወደ ሰሜኑ ለመሄድ ከፈለጋችሁ ከዲዦን ወጣ ብሎ በዤቭሬ ሻምበርታን በኩል ኮረብታውን ተጠግቶ የሚሄደው ዲ 122 ጠባብና ለስላሳ ነው።

ሌላ ምክር፦ በኖቬምበር ሦስተኛው እሑድ ሰሞን ቦን አትሂዱ። ከ1859 ጀምሮ የሚካሄደው የሆስፒስ ዴ ቦን የወይን ጨረታ የሚውለው ያኔ ነው፤ አልጋ አይገኝም፤ ከተገኘም ዋጋው አይቀመስም።

አልዛስ፦ ዳገት ለሚችል፣ በማለዳ ለሚነሳ

አልዛስ ላይ የወይን መንገድ የሚባሉ ሁለት ነገሮች አሉ፤ ሰው ሁሌ ያምታታቸዋል። አንደኛው በ1953 የተከፈተው የመኪኖች የወይን መንገድ ነው፤ ከማርለንሃይም እስከ ታን 170 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ይህ የናንተ አይደለም። የናንተ በዚያው አካባቢ በወይን ማሳው ውስጥ የሚሄደው የብስክሌት መስመር ነው፤ ዩሮቬሎ 5 የሚባለው አገር አቋራጭ መስመር አካል ነው። ምልክቱን አጥብቃችሁ ተከተሉ፤ ማሳ ውስጥ መታጠፊያው ብዙ ነው፤ አንድ ምልክት ካመለጣችሁ የአንድ ገበሬ ግቢ ውስጥ ትገኛላችሁ።

ከስትራስቡርግ መነሳት ይሻላል። በ1682 የጦር መሐንዲሱ ቮባን ለስትራስቡርግ ምሽግ መሥሪያ ድንጋይ እንዲመላለስበት ያስቆፈረው የብሩሽ ቦይ አለ፤ ዳሩን ይዛችሁ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ሜዳ ለሜዳ ሞልሳይም ድረስ ትነዳላችሁ። ከዚያ ኮረብታው ይጀምራል። ከሞልሳይም እስከ ኮልማር 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቁጥሩ አያታላችሁ። ከመንደር ወደ መንደር መውጣት መውረድ ነው፤ ሻንጣ የጫነ ሰው ትንሹን ማርሽ ደጋግሞ ይፈልገዋል። የኤሌክትሪክ ብስክሌት ለመከራየት የምመክረው አልዛስ ላይ ነው።

መንደሮቹ ግን! ሪቦቪሌ፣ ሁናዊር፣ ሪክቪር፣ ካይዘርስበርግ፣ ኤጊሳይም። ከእንጨት ማገር የተሠሩ ባለ ቀለም ቤቶች፣ ጣራ ላይ የሽመላ ጎጆ። ችግሩ ይህን የሚያውቀው ሰው ብዙ መሆኑ ነው። ሪክቪር በበጋው ቀትር ላይ መራመጃ የለም። እዚያው አካባቢ አድራችሁ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ብትገቡ ግን ድንጋይ ንጣፉን የሚያጥቡ ሰዎችና እናንተ ብቻ ናችሁ። እንደ ዳምባክ ላ ቪል ያሉ ሰሜን ያሉት መንደሮች ደግሞ ያው ውበት ኖሯቸው ሰው ያንሳቸዋል።

የአየሩም ነገር ጥሩ ነው። የቮዥ ተራሮች ከምዕራብ የሚመጣውን ዝናብ ስለሚያስቀሩት ኮልማር በፈረንሳይ ዝናብ ከሚያንሳቸው ከተሞች አንዷ ናት። አሜሪካ ላላችሁ ደግሞ አንድ ነገር፦ የነፃነት ሐውልትን የሠራው ባርቶልዲ የተወለደው ኮልማር ነው፤ ቤቱ ሙዚየም ሆኗል።

ሉዋር፦ ረጅም፣ ሜዳ፣ ነፋሻ

ላ ሉዋር አ ቬሎ የሚባለው የሉዋር ወንዝ የብስክሌት መስመር 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከኔቬር አጠገብ እስከ አትላንቲክ ውቅያኖስ። ሁሉን ልንዳ አትበሉ። ለወይን የሚሻለው ከቱር እስከ ሶሙር ያለው 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ቪላንድሪን አትክልት ቦታውን ታያላችሁ፣ ቪየን ወንዝ ከሉዋር ጋር የሚገናኝበትን ካንድ ሳን ማርታን ታያላችሁ፣ ሺኖን ቀይ ወይኑን ይዛ በቅርብ ናት። ከሞንሶሮ በኋላ መንገዱ ወደ ወይኑ ይወጣል፤ ሱዜ ሻምፒኒ ጋ ደግሞ ድንጋይ ውስጥ በተፈለፈለ የመንደር መተላለፊያ ውስጥ ያልፋል። የአካባቢው ድንጋይ ነጭና ለስላሳ ነው። ለቤተ መንግሥቶቹ ከተቆፈረ በኋላ የቀረው ጉድጓድ የወይን ጓዳና የእንጉዳይ ማብቀያ ሆኗል።

ቀሪው ግን አብዛኛው የወንዝ ዳር ነው። ከመኪና አንጻር ጸጥታ አለው፤ በሐምሌና በነሐሴ ግን የብስክሌት ሰልፍ ነው፤ ቤተሰብ፣ ተጎታች፣ ውሻ፣ ሁሉም እዚያ ነው። ለሚፈራ ሰው ይህ ራሱ ጥሩ ነው፤ ብቻዬን ቀረሁ አይልም። ቤት ለማግኘትም "አኬይ ቬሎ" የሚል ምልክት ያለበትን ፈልጉ፤ ብስክሌት የሚቆለፍበት ቦታና የመጠገኛ ዕቃ ያለው ማረፊያ ማለት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አቅጣጫውን ነው። ወንዙን ተከትሎ ወደ ባሕሩ መውረድ የቀለለ ይመስላል። ቁልቁለቱ ግን እግር አያውቀውም፤ የሚታወቀው ነፋሱ ነው፤ እሱ ደግሞ በብዛት ከምዕራብ ይመጣል። ከሶሙር ተነስታችሁ ወደ ቱር ንዱ። ነፋሱ ከጀርባ ይገፋችኋል።

ቦርዶ፦ ሁለት ቦርዶ አለ

አንደኛው ሁሉም የሚያውቀው ሜዶክ ነው። በ1855 ደረጃ የወጣላቸው ትልልቅ ሻቶዎች (የወይን ርስቶች)፣ ማርጎ፣ ፖያክ። እነሱን የሚያገናኘው ዲ 2 በመኪናና በአውቶቡስ የተሞላ ነው፤ በብስክሌት አልወደድኩትም። ሻቶዎቹም በር ላይ ቆማችሁ የምታዩዋቸው ናቸው፤ ለመግባት ቀጠሮ ይፈልጋሉ።

ሁለተኛው ቦርዶ በጋሮንና በዶርዶኝ ወንዞች መሃል ያለው አንትር ዱ ሜር ነው። ከቦርዶ ከተማ ወጣ ብሎ ላትሬን ጋ የሚጀምር የድሮ የባቡር መስመር አለ፤ ሶቭቴር ደ ጊየን ድረስ ይደርሳል። ከከተማው መሃል ጀምራችሁ ብትቆጥሩት 57 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስሙን ያገኘው ከሮዤ ላፔቢ ነው፤ በ1937 ቱር ደ ፍራንስን ያሸነፈ ብስክሌተኛ፤ ማርሽ መቀየሪያ ባለው ብስክሌት ቱሩን ለማሸነፍ የመጀመሪያውም እሱ ነው። ጥላ ያለው፣ ለስላሳ፣ ልጅ የሚነዳው መንገድ ነው። ክሬዮን ላይ የድሮው ጣቢያ የብስክሌት ማረፊያ ሆኗል፤ ጎማ ቢተነፍስባችሁ እዚያ ይረዷችኋል። ጫካው ስለሚበዛ ወይኑን ሁሌ አታዩትም፤ ግን በየትኛውም መንደር ወጣ ብትሉ አንድ ኪሎ ሜትር ሳትሄዱ ማሳ ውስጥ ናችሁ። ሶቭቴር ስትጨርሱ ወደ ላ ሬኦል ወርዳችሁ በባቡር ቦርዶ መመለስ ይቻላል።

ሳን ኤሚልዮን በባቡር ለአንድ ቀን ሂዱ። ማሳው መሃል ያሉት ትንንሽ መንገዶች ቆንጆ ናቸው፤ መንደሩ ግን ዳገት ላይ ነው፤ ድንጋይ ንጣፉም ለቀጭን ጎማ አይመችም።

እኛን ከዚህ ጋር የሚያገናኝ አንድ ክር አለ። ዝዋይ ያለውን የወይን እርሻ ያቋቋመው ካስቴል መነሻው ቦርዶ ነው፤ ሪፍት ቫሊና አካሺያ በ2014 ገበያ ላይ የወጡት ከዚያ ነው። ሜርሎና ካበርኔ ሶቪኞን ብለን ጠርሙስ ላይ የምናነባቸውን ዝርያዎች እዚህ ቅጠላቸውን በእጃችሁ ይዛችሁ ታያላችሁ።

ሻምፓኝና ፕሮቫንስ፣ ባጭሩ

ሻምፓኝ ለቅዳሜና እሑድ ነው። ከፓሪስ ኤስት ጣቢያ ኤፐርኔ አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ነው። የማርን ወንዝና ቦዩን ይዞ የሚሄደው መንገድ ሜዳና ጸጥ ያለ ነው። ወይኑ ከላይ ተዳፋቱ ላይ ነው፤ አንድ ጊዜ ጨክናችሁ ወደ ኦቪሌ ውጡ፤ ስሙ ከሻምፓኝ ወይን ጋር የሚነሳው መነኩሴ ዶም ፔሪኞን የተቀበረው እዚያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው፤ ከደጁ ሸለቆው በሙሉ ይታያል።

ፕሮቫንስ ላይ ሁለት ነገር አለ፤ ሙቀትና ሚስትራል። ሚስትራል ከሰሜን የሚነሳ ቀዝቃዛ ነፋስ ነው፤ ሲመጣ ለቀናት ይቆያል፤ ብስክሌት ከጎን ይገፋል። ከኦራንዥ አጠገብ ዦንኪዬር ተነስቶ ወደ ካርፓንትራ የሚሄደው ቪያ ቬኔሲያ የድሮ ባቡር መስመር ስለሆነ ጥሩ ነው። ከሐምሌ አጋማሽ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ግን አልመክርም።

መቼ፣ ምን ይዞ፣ ምን እየበሉ

ግንቦትና ሰኔ ከሁሉም ይሻላሉ። ቀኑ ረጅም ነው፣ ቅጠሉ ለምለም ነው። መስከረም ደግሞ የለቀማ ወቅት ነው፤ ውብ ነው፣ የፍሬው ሽታ መንደሩን ይሞላዋል፤ ግን ትራክተሩ ይበዛል፣ መንገዱ ላይ የሚፈስ ጭማቂ ያዳልጣል፣ ገበሬውም እናንተን ቁጭ አድርጎ የሚያቀምስበት ጊዜ የለውም።

የቀኑ ሰዓትም ምስጢር አለው። ፈረንሳይ ገጠር ውስጥ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ሁሉም ምሳ ላይ ነው። በዚያ ሰዓት የመኪና መንገዱ ባዶ ይሆናል። መኪና ያለበትን ክፍል የግድ ማለፍ ካለባችሁ ያኔ እለፉት። ሱቁም ግን አብሮ ይዘጋል፤ ስለዚህ ቀድማችሁ ግዙ። ሰኞ ደግሞ የባሰ ነው። አንዴ ሰኞ ዕለት ሦስት መንደር በተከታታይ ዳቦ ቤት ተዘግቶብኝ፣ ኪሴ ውስጥ በነበረ ቆሎ ነው ማታ የደረስኩት። ከዚያ ወዲህ ቆሎ ከሻንጣዬ ጠፍቶ አያውቅም።

ጾመኞች ከሆናችሁ ባጌት ችግር የለውም፤ ዱቄት፣ ውሃ፣ ጨውና እርሾ ነው። ክሯሳን ቅቤ አለው። ገጠር ያለ ምግብ ቤት ሰላጣው ላይ ሳይቀር አይብ ይጨምራል፤ አስቀድማችሁ ተናገሩ። የፍልሰታ ጾም ከዋናው የእረፍት ወር ጋር ስለሚገጥም እኔ ያኔ ኩሽና ያለው ቤት ነው የምይዘው፤ የቆርቆሮ ምስርና ሽምብራ በየሱፐርማርኬቱ አለ።

ስለ መቅመስ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ፈረንሳይ ውስጥ በሊትር ደም 0.5 ግራም የሚለው የአልኮል ገደብ ብስክሌት ነጂንም ይመለከታል። የሚያቀምሷችሁ ሰዎች መትፊያ ያቀርባሉ፤ መትፋት ነውር አይደለም፣ ባለሙያዎቹም የሚያደርጉት ያንን ነው። በፀሐይ ሲነዳ የዋለ ሰው ላይ አንድ ብርጭቆ እንደ ሁለት ነው የሚሆነው። ጠዋት ንዱ፣ ማታ ብስክሌቱን ቆልፋችሁ ጠጡ። ጠርሙስ መሸከምም አያስፈልግም፤ አንዱ ሲሞላ ከኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ብዙዎቹ ቤት ድረስ ይልካሉ።

ከ12 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሄልሜት ግዴታው ነው። ጆሮ ላይ ማዳመጫ ማድረግ ክልክል ነው። ሲመሽ ከከተማ ውጭ አንጸባራቂ ሰደርያ መልበስ ግዴታ ነው። ጎማው 35 ሚሊ ሜትር ያህል ቢሆን ለሁሉም ይበቃል። ትርፍ ካላማዳሪ፣ መንፊያና የካቴና ቅባት ያዙ፤ ገጠር ውስጥ ጎሚስታ እንደ አዲስ አበባ በየማዕዘኑ የለም።

ባቡሩን በተመለከተ፣ የክልል ባቡሮች ብስክሌት በቀላሉ ይጭናሉ፤ በበጋ ግን በአንዳንድ መስመር ቦታ መያዝ ያስፈልጋል። ፈጣኑ ቴዤቬ ላይ የብስክሌት ቦታ ያለው በአንዳንዱ ብቻ ነው፤ ከቲኬቱ ጋር ቀድሞ መያዝ አለበት። ለቦርጎኝ ከፓሪስ ቤርሲ ጣቢያ የሚነሳውን ቀርፋፋውን የክልል ባቡር ይዛችሁ ዲዦን ድረስ፣ ከዚያ በሊዮን መስመር ቦን። ማኮን ስትጨርሱ መመለሻ ቲኬታችሁ ላይ የጣቢያውን ስም በደንብ አንብቡ። ማኮን ሁለት ጣቢያ አላት። ማኮን ቪል ከተማው ውስጥ ነው፤ ማኮን ሎሼ የሚባለው የቴዤቬው ጣቢያ ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። የናንተ ማኮን ቪል ነው።